አሮጌ አምፕሊፋየር በኪሎ አይሸጥም

"ቁራሌው!" የሚለው ጥሪ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በደብረ ብርሃን መንደሮችም የታወቀ ነው። ያረጀ ማንቆርቆሪያ፣ የማይሠራ ሬዲዮ፣ የተቃጠለ ምድጃ ሁሉም በአንድ ሚዛን ያልፋሉ። ብረቱ በብረት ዋጋ፣ መዳቡ በመዳብ ዋጋ ይታሰባል። ሻጩ "ቦታ ከሚይዝ ይሂድ" ብሎ ይሰጣል። ዕቃው በማግስቱ ተፈታትቶ ሽቦው ለብቻ፣ ቆርቆሮው ለብቻ ይሆናል።

በዚህ ሚዛን ላይ መውጣት የሌለበት አንድ ዓይነት ዕቃ ግን አለ። ይኸውም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር አነስተኛ ፋብሪካዎች የተሠራ የሙዚቃ አምፕሊፋየርና ስፒከር ነው። የዚህ ዕቃ ክብደት ሻጩን ያታልለዋል። "ኳድ ሁለት" የተባለው አምፕሊፋየር ለምሳሌ በመጠኑ ከጫማ ካርቶን ብዙም ባይበልጥም 8 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ለቁራሌው ይህ ጥሩ መዳብና ጥሩ ብረት ነው። በውጭው ዓለም የአሮጌ ማጫወቻ ገበያ ግን ያው ዕቃ ጥንዱ ሳይጎድል ከተገኘ በመቶዎች በሚቆጠር ፓውንድ ይሸጣል፤ እንደ ይዞታውም ሺህ ፓውንድ የሚደርስበት ጊዜ አለ። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የሚመጣው ከዕውቀት ብቻ ነው።

የእንግሊዝ ዕቃ በሸዋ

የእንግሊዝ ዕቃ ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም። በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልዕክተኛ ቡድን ስጦታውን አስጭኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት ሲገባ መድረሻው አንኮበር ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የሸዋና የእንግሊዝ የንግድ ውል የተፈረመውም ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በአንጎለላ ነው።

ድምፅን በሸክላ በማስቀረጽ ረገድም ሰሜን ሸዋ የሚጠቀስ ስም አለው። የምንጃሩ ተወላጅ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ቀደምት ኢትዮጵያዊ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በ1969 አምኃ እሸቴ በአዲስ አበባ "አምኃ ሪከርድስ" የተባለውን የግል የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጣ። እነዚያ ትንንሽ ሸክላዎች ካሴት ሲመጣ ከገበያ ወጡ። በየቤቱ ጓዳ ተጣሉ፤ የተሸጡትም በርካሽ ተሸጡ።

በ1997 ግን "ኢትዮፒክስ" የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ በፈረንሳይ መታተም ሲጀምር የድሮው የአዲስ አበባ ሙዚቃ የውጭ ሰብሳቢዎችን ዓይን ሳበ። የተጣለው ሸክላ እንደገና ተፈላጊ ሆነ። ቀደም ብሎ የሸጠ ሰው ሲቆጭ፣ በሣጥን አስቀምጦ የቆየው ግን አተረፈ። ያ ሸክላ ይጫወትባቸው ከነበሩት የማጫወቻ ዓይነቶች መካከል የአንዳንዶቹም ታሪክ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ሸክላ በእጅ ታይቶ ጭረቱ ሲለይ፣ የአምፕሊፋየር ዋጋ ግን በሆዱ ውስጥ የተደበቀ መሆኑ ነው።

ትንሹ ፋብሪካ

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ስለ ዋጋው ከማውራት በፊት ስለ ሠሪው ማወቅ ይበጃል። ፒተር ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ አኩስቲካል ማኑፋክቸሪንግ የተባለውን ኩባንያ ለንደን ላይ ያቋቋመው በ1936 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1941፣ የለንደኑ ሥራ ቦታ በቦምብ በመጎዳቱ ድርጅቱ ሀንቲንግደን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወረ። የንግድ ምልክቱ "ኳድ" ነበር። ኳድ ሁለት የተባለው አምፕሊፋየር በ1953 ወጣ። የሚሰጠው ኃይል 15 ዋት ብቻ ነው። ዛሬ በየሱቁ በሣጥናቸው ላይ ስንት መቶ ዋት ተብሎ ከሚጻፍባቸው ስፒከሮች አንጻር ይህ ቁጥር የሚያስቅ ይመስላል። ለአንድ ሳሎን ግን በቂ ነበር።

በዚያው ዘመን ተወዳዳሪ አልጠፋም። ሃሮልድ ሊክ በ1934 ያቋቋመው "ሊክ" የተባለ ድርጅት በ1945 የድምፅ መዛባቱ ከመቶ 0.1 ብቻ ነው የተባለለትን አምፕሊፋየር አውጥቶ ስም አገኘ። ሊክ በ1969 ራንክ ለተባለው ትልቅ ኩባንያ ተሸጠ። ኳድም በ1990ዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ዛሬ ስሙ የቻይናው አይኤጂ ኩባንያ ንብረት ነው።

እነዚህ ድርጅቶች ዕቃቸውን የሠሩት ተፈትቶ እንዲጠገን አድርገው ነው። ክፍሎቹ በሽቦ የተያያዙና በዓይን የሚታዩ ናቸው። የወረዳ ንድፋቸው ታትሞ ለጠጋኝ ይደርስ ነበር። በመሆኑም ሬዲዮ የጠገነ ባለሙያ ንድፉን ይዞ ከተቀመጠ ኳድ ሁለትን ሊረዳው ይችላል። ዛሬ በፋብሪካ ተጣብቆ የሚመጣው ስፒከር ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ዕጣው መጣል ነው። ከ60 ዓመት በላይ የኖረ ዕቃ እስካሁን የሚሸጠውም ስለሚጠገን ነው።

በሆዱ ውስጥ ያለው

የእነዚህ አምፕሊፋየሮች ሥራ የሚከናወነው በቫልቭ ነው። ቫልቭ እንደ አምፖል የሚሞቅ የመስታወት ቱቦ ሲሆን፣ ከሸክላ ማጫወቻው የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ያጎላል። ኳድ ሁለት ኬቲ 66 የተባሉ ሁለት ትልልቅ ቫልቮች አሉት። ቫልቭ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ እንደ አምፖል ይደክማል፤ ይለወጣልም። የጥንቶቹ የእንግሊዝ ቫልቮች ዛሬ አይሠሩም። በመሆኑም ያልደከመ የጥንት ቫልቭ ራሱን ችሎ ዋጋ ያወጣል። ተተኪ ቫልቮች በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ይመረታሉ።

ካፓሲተርም የሚለወጥ ነው። በዚያ ዘመን በወረቀትና በሰም የተሠሩት ካፓሲተሮች ከጊዜ ብዛት ማስተላለፍ የሌለባቸውን ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራሉ። ይህ ሲሆን ቫልቩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ቀጥሎም ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል።

ዋናው ጉዳይ ይኼው ትራንስፎርመር ነው። የ8 ኪሎው አብዛኛው ክብደት የእርሱ ነው። ቁራሌው የሚፈልገው መዳብ ያለውም በእርሱ ውስጥ ነው። ትራንስፎርመሩ በቫልቩና በስፒከሩ መካከል ቆሞ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ስፒከሩ ወደሚችለው ይለውጣል። ኳድ ሁለት ላይ አጠማጠሙ የተለየ ሲሆን፣ ከጥምጥሙ ከፊሉ ከቫልቮቹ ጋር ተጣምሮ የድምፅ መዛባትን ለመቀነስ ያገለግላል። ተራ የትራንስፎርመር ጠምጣሚ በግምት ሊመልሰው የሚችል አይደለም። እንግዲህ ቫልቭ ይለወጣል፣ ካፓሲተር ይለወጣል፤ ትራንስፎርመር ግን አንዴ ከተፈታ ዕቃው አለቀለት ማለት ነው። በኪሎ የሸጠ ሰው ውዱን ክፍል በርካሹ ዋጋ ሰጠ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ማሞቂያ የሚመስለው ስፒከር

አምፕሊፋየሩ ብቻ አይደለም። የዎከር ድርጅት በ1957 ለገበያ ያቀረበው ስፒከር እንደ ሌላው ስፒከር ማግኔትና የወረቀት ሾጣጣ የለውም። ቀዳዳ በሞላባቸው ሁለት ሳንቃዎች መካከል በጣም ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ተወጥሯል። ሽፋኑ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሞላል፤ ሙዚቃው ወደ ሳንቃዎቹ ሲመጣ ሽፋኑ ወዲህና ወዲያ እየተሳበ አየሩን ያንቀሳቅሳል። ይህ ስፒከር እስከ 1985 ድረስ ሲመረት 54,000 ያህል ተሠርቷል።

መልኩ ግን ጉድ ነው። ሰፊ፣ ከወለል ብዙ ከፍ ያላለ፣ ከፊት ወንፊት ያለው፣ በአጫጭር እግሮች የቆመና ከግድግዳው ሶኬት ጋር የሚያያዝ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳማ ከተማ አንድ ሰው ይህን ዕቃ ቢያይ የተበላሸ የቤት ማሞቂያ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ወንፊቱን ቀድዶ ሽቦውን ለመፈለግ የሞከረ ሰው ግን ሁለት ጉዳት ያገኘዋል። አንደኛ፣ ስሱን ሽፋን ይበሳዋል። ሁለተኛ፣ በውስጡ ለወፍራሙ ድምፅ ክፍል 6,000 ቮልት፣ ለቀጭኑ 1,500 ቮልት አለ።

ይህ ስፒከር ኃይለኛ አምፕሊፋየርንም አይወድም። የተሠራው ለ15 ዋቱ ኳድ ሁለት ነው። ለሠርግና ለአዳራሽ ከሚያገለግሉት ትልልቅ አምፕሊፋየሮች ጋር ቢያያዝ በውስጡ ብልጭታ ተነሥቶ ሽፋኑን ያቃጥለዋል። ገዢ ስፒከሩን "እስቲ ድምፁን ክፈተው" ብሎ መሞከሩ ዕቃውን ሊገድለው ይችላል።

የደጋው አየር ዳኛ ነው

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ዕቃ ጥሩም መጥፎም አየር አላት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከላከል ችሎታው ዝቅ ያለ ነው። ስለሆነም ሀንቲንግደን ላይ ያለ ችግር የሚሠራ ስፒከር ደብረ ብርሃን ላይ ቀድሞ ሊያንጫርር ይችላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጠቀም አማራጭ የሌለው ጥንቃቄ ነው። አምፕሊፋየሩም ቢሆን ሙቀቱን የሚያወጣው በአየር በመሆኑ፣ የሳሳ አየር ብዙ ሙቀት አይወስድለትም። ብርዱ ይህን በመጠኑ ያካክሰዋል፤ ቢሆንም በጨርቅ መሸፈንና በመጽሐፍ መደርደሪያ ውስጥ ወትፎ ማስቀመጥ አይገባም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የምትገኘው አንኮበር ደግሞ ሌላ ፈተና አላት። ከስምጥ ሸለቆው ወደ ላይ የሚወጣው አየር በገደሉ አፋፍ ላይ ጉም ይሆናል። እርጥበት የስፒከሩን ከፍተኛ ቮልቴጅ ያፈስሰዋል፤ ድምፁም ይደክማል። በበጋ ደግሞ አቧራ አለ። ኤሌክትሪክ የተሞላ ሽፋን አቧራን ወደ ራሱ ይስባል። ደረቅ ክፍል፣ ከምድጃ ጭስ የራቀ ቦታና በማይሠራበት ጊዜ ከሶኬት መነቀሉ ለስፒከሩ ዕድሜ ነው።

ዋጋውን የሚያወጡትና የሚጥሉት

በዚህ ገበያ ዋጋ የሚሠራው በአምስት ነገሮች ነው።

አንደኛ ጥንድ መሆኑ ነው። ኳድ ሁለት አንድ ድምፅ መስመር ብቻ ይይዛል፤ ለስቴሪዮ ሁለት ያስፈልጋሉ። ነጠላው ከጥንዱ ዋጋ ግማሽ አያወጣም። ወንድማማቾች ውርስ ሲካፈሉ አንዱን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ቢሰጡ ሁለቱም ይከስራሉ። ሸጦ ገንዘቡን መካፈል ይሻላል።

ሁለተኛ መቆጣጠሪያው መኖሩ ነው። የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው ያለው በሌላ ትንሽ ሣጥን ላይ ሲሆን፣ ያ ሣጥን ኃይሉን የሚያገኘው ከአምፕሊፋየሩ ነው። ማገናኛ ገመዱ ተራ ገመድ ስላልሆነ "ትርፍ ነው" ተብሎ መጣል የለበትም።

ሦስተኛ ትራንስፎርመሮቹ ጤነኛ መሆናቸው ነው። ባለሙያ ኤሌክትሪክ ሳይለቅ በቴስተር ጥምጥሙ መቆረጥ አለመቆረጡን ያያል። የሬንጅ መፍሰስና የተቃጠለ ሽታ መጥፎ ምልክት ነው።

አራተኛ አለመነካካቱ ነው። ቀለም የተቀባ፣ አዲስ ቀዳዳ የተበሳበት፣ ውስጡ በሌላ ክፍል የተተካ ዕቃ ዋጋው ይወርዳል። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ማንሳት ይበቃል። ባለሙያ የሚለውጣቸው አሮጌ ክፍሎችም በፌስታል ታስረው አብረው መቀመጥ ይኖርባቸዋል።

አምስተኛ ጭነቱ ነው። ሰብሳቢዎቹ ያሉት በአብዛኛው በውጭ አገር በመሆኑ የማጓጓዣው ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። አምፕሊፋየር ከባድ ነው፤ ስፒከሩ ደግሞ ሰፊና ተሰባሪ ነው። ቫልቮቹ ከነበሩበት ተነቅለው ለየብቻ ካልተጠቀለሉ መንገድ ላይ ይሰበራሉ።

ሶኬት ላይ ከመሰካት በፊት

ትልቁ ስህተት "ይሠራ እንደሆነ እንየው" ብሎ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ለዓመታት ተቀምጦ የኖረ አምፕሊፋየር ካፓሲተሮቹ ደክመዋል። በአንድ ጊዜ ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ጤነኛውን ትራንስፎርመር ይዞ ሊቃጠል ይችላል። በሙያው የተለመደው ዘዴ ካፓሲተሮቹን መርምሮ የደከሙትን ከለወጡ በኋላ፣ ዕቃውን ከባለክር አምፖል ጋር በተከታታይ አገናኝቶ ማብራት ነው። በውስጡ ንክኪ ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል፤ አምፕሊፋየሩ ግን ይተርፋል።

የሽቦው ቀለምም ያሳስታል። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ኃይል ያለው ሽቦ ቀይ፣ መላሹ ጥቁር፣ የመሬቱ አረንጓዴ ነበር። በዛሬው ቡናማና ሰማያዊ የለመደ ሰው ተጠንቅቆ መለየት አለበት። የመሬት ሽቦው ያልተያያዘ የብረት ሣጥን ሰው ይገድላል። በሆዱ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ አለ፤ ይህም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ለልጆች መፈታቻ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም።

በእርግጥ ይሻላል?

ገዢም የሚያስብበት ጉዳይ አለ። አሮጌው የቫልቭ አምፕሊፋየር ከአዲሱ የተሻለ ድምፅ አለው የሚለው ወሬ ዋጋውን ከሚያንሩት ነገሮች አንዱ ነው። የሚገርመው ግን ሠሪው ራሱ ይህን አለማመኑ ነው። በ1978 በአንድ የእንግሊዝ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ በወጣ ሙከራ የ1953ቱ ኳድ ሁለትና ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁለቱ የድርጅቱ የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች ለልምድ ያላቸው አድማጮች ተሰሙ። የትኛው እንደሚጫወት አልተነገራቸውም። አድማጮቹ ከግምት ባለፈ ሊለዩዋቸው አልቻሉም።

ስለዚህ ለመስማት ብቻ የሚገዛ ሰው በቫልቭ ስም ትልቅ ገንዘብ ማውጣት አይጠበቅበትም። በስፒከር በኩል ግን ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ የተለያዩ ስፒከሮች በተለያየ ድምፅ ይጫወታሉ፤ የኳዱ ስፒከር የሰውን ድምፅ በማጥራቱ እስካሁን ይወደሳል።

የመለዋወጫውም ሂሳብ ሊታሰብ ይገባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ቫልቭና ካፓሲተር የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው። ይህ ለገዢ የጥገናውን ዋጋ ሲያስወድድ፣ ወደ ውጭ ለሚሸጥ ሰው ደግሞ በብር ሲታሰብ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። በመሆኑም ዕቃው ያለው ሰው ከመሸጡ በፊት የሚያስፈልገው ጥድፊያ ሳይሆን ሦስት ነገር ነው፤ ከጀርባው የተጻፈውን ስምና ቁጥር መገልበጥ፣ ፎቶግራፍ ማንሳትና ከአንድ በላይ ገዢ መጠየቅ።

ቁራሌው በበኩሉ ጥፋት የለበትም። እርሱ የሚያውቀውን ገዛ፣ ባወቀው ሚዛን መዘነ። ዕቃው ስም እንዳለው መንገር የሻጩ ድርሻ ነው፤ ያንንም ለመንገር ጀርባውን አዙሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ሚዛኑ ላይ ከወጣ በኋላ የሚነበብ ስም የለም።